ነጭ ቀለምና የሆሎዌይ ጨለማ ኮሪደር

የመግቢያ ኮሪደር፣ ማለትም የመንገዱን በር ከደረጃውና ከክፍሎቹ ጋር የሚያገናኘው መተላለፊያ፣ ጠባብና ጨለማ ከሆነ ነጭ ይቀባ የሚለው ምክር ከቀለም ሻጭ እስከ ጎረቤት ሁሉም የሚደጋግመው ቢሆንም፣ በሰሜን ለንደን በሆሎዌይ ሰፈር ቤቶች ላይ ሲፈተን ግን ብዙም አያስኬድም። የሰፈሩ ነባር ቤቶች በአመዛኙ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው በረድፍ የተሠሩ በመሆናቸው ኮሪደራቸው በጎኑ መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚያገኘው ከበሩ አናት ላይ ካለችው ጠባብ መስታወት፣ ሲቀናው ደግሞ ከደረጃው ወዲያ ካለ መስኮት ብቻ ነው።

ለነጭ የሚሟገቱ ሰዎች የሚጠቅሱት ብርሃን የመመለስ መጠን የሚባለውን ቁጥር ሲሆን፣ ይህም አንድ ቀለም ካረፈበት ብርሃን ምን ያህሉን መልሶ እንደሚሰጥ ከ0 እስከ 100 ባለው መለኪያ የሚያሳይ፣ ጥቁር ወደ 0 ነጭ ወደ 100 የሚጠጉበት ስሌት ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ድርሻ እንጂ ስለ ብዛት አይደለም። ከመቶ 85 እጁን የሚመልስ ግድግዳ የሚመልሰው ከደረሰው ላይ ነውና፣ ጥቂት የደረሰው ጥቂት ይመልሳል፤ ዓይንም፣ በተለይ በሩ ተከፍቶ የውጭው ሰማይ አጠገቡ ሲታይ፣ ያንን ግድግዳ ነጭ ብሎ ሳይሆን አመድማ፣ እንዲያውም ያልታጠበ አድርጎ ያየዋል። በሩ ወደ ሰሜን የዞረ ቤት ደግሞ በቀጥታ ከፀሐይ ሳይሆን ከሰማይ የሚመጣ ሰማያዊነት ያለው ብርሃን ስለሚደርሰው፣ ነጩ በባሕርዩ ቀዝቃዛ ከሆነ ቅዝቃዜው እጥፍ ይሆናል።

ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው በነጭ ግድግዳ ላይ ያለው እምነት ግን ከባዶ የተነሣ አይደለም። ታኅሣሥ 12 ቀን ገደማ፣ ፀሐይ ለሰሜኑ ንፍቀ ክበብ እጅግ ዝቅ በምትልበት ጊዜ፣ በአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ከአድማስ በላይ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ስትል፣ 51.5 ዲግሪ ሰሜን ላይ ባለችው ለንደን ግን ከ15 ዲግሪ ብዙም አታልፍም። በአንደኛው ከተማ ግቢውን እስኪያጥበረብር የሚያበራው ኖራ በሌላኛው የሚያበራበት ምክንያት የለውም። በዚያው ሰሞን ለንደን ላይ ፀሐይ በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት አካባቢ ወጥታ 10 ሰዓት ሳይሞላ ስለምትጠልቅ፣ ለሥራ በማለዳ ወጥቶ ሲመሽ የሚገባ ሰው የራሱን ኮሪደር በሳምንቱ የሥራ ቀናት በፀሐይ ብርሃን አያየውም። እንግዲህ በብርዱ ወራት የኮሪደሩን ቀለም የሚወስነው አምፖሉ ነው። የአምፖል ብርሃን ቃና ኬልቪን በሚባል መለኪያ ይገለጻል፤ 2700 ኬልቪን የሆነው ወደ ቢጫ የሚያደላና ሞቅ ያለ ሲሆን፣ 4000 እና ከዚያ በላይ ያለው ወደ ሰማያዊ እየነጣ ይሄዳል። ሱቅ ውስጥ በነጣ ብርሃን የተመረጠ ናሙና ቤት ገብቶ ሌላ ቀለም መስሎ የሚገኘውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቤቶቹን የሠሩት የቪክቶሪያ ዘመን ግንበኞች የነጭን ድክመት ያውቁ ነበር ማለት ይቻላል፤ ቢያንስ ከድንጋይ ከሰል ጭስና ከጭቃማ ጫማ ጋር የኖሩ ሰዎች ስለነበሩ ኮሪደርን ወጥ ነጭ የማድረግ ቅዠት አልነበራቸውም። ግድግዳውን በወገብ ከፍታ ላይ በእንጨት መስመር ለሁለት ከፍለው፣ የታችኛውን በጠቆረ ቡናማ ወይም በጠቆረ አረንጓዴ፣ የላይኛውን ፈካ ባለ ቀለም ይሸፍኑት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1877 ፍሬድሪክ ዋልተን የተባለው እንግሊዛዊ የፈለሰፈው ሊንክረስታ፣ ማለትም ጌጡ ጎላ ብሎ የወጣና በላዩ የሚቀባ ጠንካራ የግድግዳ ልባስ፣ የተስፋፋው በአብዛኛው ለዚሁ ለታችኛው ክፍል ነው። ይህ አሠራር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በአገር ቤት ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች የኮሪደሩ የታችኛው ግድግዳ እንዲታጠብ በዘይት ቀለም፣ የላይኛው በውሃ ቀለም ሲቀባ ኖሯል፤ በሁለቱ መካከል ያለችው መስመር ቀጥ ካላለች ቀቢው ይወቀሳል። በሐረር ጀጎል ውስጥ ባለው ባህላዊ የሐረሪ ቤት ደግሞ ወለሉና ነደባ የሚባሉት ከፍ ያሉ መቀመጫዎች በቀይ አፈር ይቀባሉ፣ ከበላያቸው ያለው ግድግዳ ነጭ ይሆናል፤ ቀዩ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ተብሎም ይነገራል። ከታች ሞቅና ጠቆር፣ ከላይ ፈካ የሚለው ሥርዓት፣ ምክንያቱ ቢለያይም፣ በሦስቱም ስፍራዎች አንድ ነው።

ስለ ቀይ ከተነሣ፣ ሆሎዌይ በእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ የምትታወቅበትን የቀለም ጉዳይ ማለፍ ያስቸግራል። ጆርጅና ዊደን ግሮስሚዝ የተባሉ ወንድማማቾች በ1892 (እ.ኤ.አ.) በመጽሐፍ ባሳተሙት አስቂኝ የማስታወሻ ልቦለድ ውስጥ፣ ሚስተር ፑተር የተባለው የሆሎዌይ ነዋሪ ቀይ ኢናሜል፣ ማለትም ሲደርቅ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ቀለም ገዝቶ፣ ከአበባ ማሰሮ ጀምሮ የመታጠቢያ ገንዳውን ሳይቀር ቀባ፤ ሙቅ ውሃው ቀለሙን ሲያሟሟውም ደም ሥሩ የተበጠሰ መስሎት ደነገጠ። የፑተር ጥፋት ቀይ መውደዱ አልነበረም፤ አንድን ቀለም ለሁሉም ቦታ ማዋሉ ነበር።

ስለዚህ ለሆሎዌይ ኮሪደር የሚሻለው ከታች የሸክላ ወይም የጠቆረ ቢጫ አፈር መልክ ያለው፣ ሲወለወል የማይለቅ፣ መጠነኛ ወዝ ያለው ቀለም ሲሆን፣ ከላይና ጣሪያው ላይ ደግሞ ወደ ቢጫ የሚያደላ ፈዛዛ ቀለም ነው። ሙሉ በሙሉ የሚያብለጨልጭ ቀለም የአሮጌ ግድግዳን ጉብታና ስንጥቅ ሁሉ ስለሚያጋልጥ አይመከርም። ናሙናውን ግድግዳው ላይ ከመለቅለቅ ይልቅ ትልቅ ካርቶን ቀብቶ በሩ አጠገብና ደረጃው ሥር እያዛወሩ፣ ቀንም በአምፖልም ማየት ይበጃል። ቤቱ ወደ አፓርታማ የተከፋፈለ ከሆነ ግን የጋራው ኮሪደር፣ ብዙ ጊዜም የአፓርታማው መግቢያ በር የውጭ ገጽ፣ የነዋሪው ብቻ ስላልሆነ፣ ከእሳት ደኅንነት አንጻርም ሕግ ስለሚመለከተው፣ ውሉን ማንበብና ባለቤቱን ማስፈቀድ ይቀድማል።

ከሁሉ በፊት ግን አሮጌው ቀለም ይመርመር። በብሪታንያ እርሳስ ያለበት ቀለም እስከ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሰፊው ያገለግል የነበረ ሲሆን፣ ለአጠቃላይ ሽያጭ የታገደው በ1992 ነው። በነዚህ ቤቶች በርና የደረጃ እንጨት ላይ ከአዲሱ ቀለም ሥር ሊኖር ይችላልና፣ በተለይ ሕፃናት ባሉበት ቤት በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት እንዳይፋቅ፤ መመርመሪያው በሃርድዌር ሱቆች ይሸጣል።