የብላክቤርድ ዝናና የ61ዱ ሰዎች ሞት

ዓለም ብላክቤርድ፣ ጥቁር ጺም፣ እያለ የሚጠራው እንግሊዛዊ የባህር ላይ ወንበዴ ኤድዋርድ ቲች ከሞተ 300 ዓመት አልፎታል። ስሙ ሲነሳ ግን ዛሬም ትዝ የሚለን ደምና ጭካኔ ነው። ይሁን እንጂ የዘመኑን ሰነዶች ያገላበጡ የታሪክ ተመራማሪዎች ከመጨረሻው ውጊያው በፊት አንድ ሰው እንኳ ስለመግደሉ የሚታመን ማስረጃ አላገኙም። ጺሙን ጎንጉኖ፣ ከባርኔጣው ስር የሚጨስ ክር ለኩሶ ይዋጋ ነበር የሚለው ምስል የደረሰን እ.ኤ.አ. በ1724 ለንደን ላይ ከታተመ የወንበዴዎች ታሪክ መጽሐፍ ነው። ዋናው መሣሪያው ፍርሃት ነበር፤ የፈራ መርከበኛ ሳይታኮስ እጁን ይሰጣል፣ ጭነቱም ሳይበላሽ ይያዛል።

ስለ እሱ የሚወራውን ትተን መርከቡን እንመርምር። በኖቬምበር 1717 ካሪቢያን ውስጥ ማርኮ «የንግሥት አን በቀል» ያላት መርከብ ቀድሞ ላ ኮንኮርድ ትባል ነበር። ትርጉሙ ስምምነት ማለት ነው። ከፈረንሳይ ናንት ወደብ ተነስታ፣ ዛሬ ቤኒን ከምትባለው አገር ጠረፍ 516 አፍሪካውያንን ጭና ወደ ማርቲኒክ ስትጓዝ ነው የያዛት። እሱ እስኪደርስባት ድረስ ከእነዚያ ሰዎች 61ዱ ሞተዋል። መርከቧ ባለቤት ነበራት፣ የሒሳብ መዝገብ ነበራት፣ ሥራዋም በአገሯ ሕግ የተፈቀደ ነበር። ስለዚህ «አረመኔው ማን ነበር?» ብለን ስንጠይቅ ከወንበዴው በፊት ነጋዴው መልስ ሊሰጥ ይገባል።

«ወንበዴውን ነጻ ልታወጣው ነው ወይ?» የሚል ይኖራል። አይደለም። በሜይ 1718 የቻርለስተንን ወደብ ዘግቶ የከተማዋን ሰዎች ያገተና ሊገድላቸው የዛተ ሰው ንጹሕ ሊባል አይችልም፤ የጠየቀው ቤዛ አንድ ሣጥን መድኃኒት መሆኑም ወንጀሉን አያቀልም። ሌሎች ደግሞ በወንበዴዎች መርከብ ላይ ጥቁር መርከበኞች ነበሩና የነጻነት ታጋይ ሊያደርጉት ይሞክራሉ። ይህንንም ያችው መርከብ ታፈርሰዋለች። ቲች አብዛኞቹን ምርኮኞች ቤኪያ ደሴት ላይ ለፈረንሳዮቹ ትቶ፣ የሚጓጓዙበት ትንሽ መርከብም ሰጥቷቸው ሄደ፤ እነሱም ምርኮኞቹን ወደ ማርቲኒክ ወሰዷቸው። ሌባን ሌባ ቢሰርቀው እንዴት ይደንቀው ይባላል። እዚህ ግን የተሰረቁት ሰዎች ናቸው፤ ሌባው ቢለዋወጥም ዕጣቸው አልተለወጠም።

ሕጉ ምን እንዳሳሰበው የቲች አሟሟት ያሳያል። ከሰሜን ካሮላይና ገዢ ምሕረት ቢያገኝም ወደ ውንብድናው ተመለሰ። የቨርጂኒያው ገዢ ስፖትስዉድ ሥልጣኑ በማይደርስበት በጎረቤት ግዛት ውኃ ላይ ጭምር ሰው ላከበት። ኖቬምበር 22 ቀን 1718 ኦክራኮክ አጠገብ ገዢው ከላከው ከሌተናንት ሜናርድ ሰዎች ጋር ሲዋጋ 5 ጥይትና 20 ገደማ የስለት ቁስል አርፎበት ወደቀ። ራሱ ተቆርጦ በመርከብ አፍንጫ ላይ ተንጠለጠለ። ለነጋዴ ንብረት ሲሆን ሕግ ይህን ያህል ርቆ ሄደ። ብሪታንያ የባሪያ ንግድን በሕግ የከለከለችው ግን ከዚያ 89 ዓመት ቆይታ፣ በ1807 ነው።

ስለዚህ የብላክቤርድን ታሪክ ለልጆቻችን ስናወራ ከጺሙ አንጀምር፤ ስምምነት ተብላ ከተሰየመችው መርከብ እንጀምር። የወንበዴውን ቁስል አንድ በአንድ የቆጠረ ታሪክ፣ የ61ዱን ሰዎች ስም ለመጻፍ ብዕር አላነሳም።