ልጆቹ ይላፉ፦ ከፍኖተ ሰላም ለእኅቴ

ይድረስ ለውድ እኅቴ፤

እዚህ ፍኖተ ሰላም ዝናቡ ገና አልለቀቀም፤ ላህ ወንዝ ደፍርሶ ሞልቷል፤ በቆሎው ከሰው ቁመት አልፏል።

ትናንት ወደ ቡሬ ስንሄድ ማንኩሳ ላይ ወረድን። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለድ ባለታሪክ በዛብህ የተወለደባት ማንኩሳ ናት። እኔን ግን ያስቆመኝ ከመንገዱ ማዶ የሚጮኸው ጅራፍ ነው። ነሐሴ 13 ቡሄ ስለሆነ እረኞቹ ከብቱን መስክ ላይ ለቀው ይላፋሉ። አንዱ ሌላውን ጠልፎ ጭቃ ላይ ይጥለዋል፤ የወደቀው እየሳቀ የጣለውን እግሩን ይዞ ይጎትተዋል፤ ሦስተኛው መጥቶ ከላያቸው ይወድቃል። ከዚያ ጅራፋቸውን ያነሳሉ። ከልጥ ወይም ከቃጫ የተገመደ፣ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ነው። ከራሳቸው በላይ አዙረው በድንገት ሲመልሱት ጫፉ የድምፅን ፍጥነት (በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ) ስለሚያልፍ እንደ ጥይት ይጮኻል። የቤተ ክርስቲያን አባቶች ጩኸቱን በደብረ ታቦር ከተሰማው የአብ ድምፅ ጋር ያያይዙታል።

በማጮኽ ብቻ አያበቃም፤ ሁለት ሁለት ሆነው ይጋረፋሉ። ስደነግጥ ያዩ አንድ አባት «አይዞህ ልጄ፤ ፊት አይመታም፣ የወደቀ አይመታም፣ ያኮረፈ ይወጣል» አሉኝ። ትልልቆቹ ልጆች ይዳኛሉ፤ አባቶች ከዳር ሆነው ያያሉ። አንድ ትንሽ ልጅ ክንዱ ላይ ሰንበር ወጥቶበት ሊያለቅስ ሲል፣ የገረፈው ልጅ ራሱ ሮጦ አቅፎ አሻሸው። በገና ጨዋታም እንዲሁ ነው፤ ሩር ሲለጉ ጌታውም ቢመታ መቆጣት ነውር ነው።

እኛ ግን ልጆቻችን ሳሎን ውስጥ ገና ሲነካኩ «ተዉ!» እንላቸዋለን። ልጅ ጉልበቱን የት ላይ እንደሚገታ የሚማረው ከጓደኛው ጋር ሲተጋገል ነው፤ በምክር ብቻ አይገባውም። እዚያ መስክ ላይ ያየኋቸው እረኞች ሌላውን ማሳመም ምን እንደሆነም፣ ይቅር መባባልንም ያውቃሉ።

ያዘዝሽኝን በርበሬ ቡሬ ገዝቻለሁ፤ የዘንድሮው ገና ማሳ ላይ ስለሆነ ያምናው ነው።

እባክሽ ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹን ግቢው ሣር ላይ ልቀቂያቸው። ፊት እንዳይመታቱ ንገሪያቸውና አንቺም ከዳር ሆነሽ እያቸው፤ ልብሱ ይታጠባል።



ወንድምሽ