ሜዳውን ባዶ ያለው ማነው?

ሆስፒታል ይስፋ ወይስ መናፈሻ ይትረፍ? ይህ ጥያቄ ሰሞኑን በሻይ ሰዓት መካከላችን ገብቶ ሁለት ጎራ አድርጎናል። ከአጠና ተራ፣ ከዘነበወርቅና ከአየር ጤና እየተነሣን ወደ ግቢ የምንመጣ የኮልፌ ቀራንዮ ልጆች ነን፤ ስለዚህ ነገሩ ለእኛ የቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም። ማንም ዕቅድ አላሳየንም፣ ማንም ካስማ አልተከለም። ነገር ግን ከተማው ከዓመት ዓመት ሲጠብብ፣ በየሰፈሩ የቀረችው አንዲት ሜዳ ነገ የማን ትሁን የሚለው ጥያቄ ካስማ እስኪተከል መቆየት ያለበት አይመስለንም።

የሕክምና ተማሪው ጓደኛችን አጭር መልስ አለው። «ደሙ የሚፈስ ሰው ጥላ አይፈልግም፤ አልጋ ነው የሚፈልገው» ይላል። ታዲያ ለዚህ ምን ይመለሳል? ከገጠር የመጣ ዘመድ ደግፈን ደጅ ያልጠናን፣ «አልጋ የለም» የምትለውን ቃል ያልሰማን ከመካከላችን ማን አለ? ሰው ሲሞት ሜዳ ምንድን ነው? ሣር ነው! ብሎ ነገሩን መዝጋት ይቻላል። እኛ ግን አልቸኮልንም። የሰፈራችን ታሪክ አያስቸኩልማ!

እስቲ አለርትን እንመልከት። በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተጠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል እዚያ የተሠራው በ1920ዎቹ ነው። ያን ጊዜ ሥፍራው ከከተማ ውጭ ነበር፤ ሕመምተኛውም ከሰው ዓይን የራቀ ነበር። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ለመላው አፍሪካ የሚያገለግል የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል በዚያው ተቋቋመ፤ አለርት የምንለው የዚሁ የእንግሊዝኛ ስም ምሕጻር ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም እ.ኤ.አ. በ1873 የበሽታውን ባክቴሪያ ባገኘው የኖርዌይ ሐኪም ስም የተሰየመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ከጎኑ ቆመ። ሊታከም ከየአገሩ የመጣው ሰው ግን ድኖም ብዙ ጊዜ ወደ ቀዬው አልተመለሰም። ዘመድ ሲሸሸው፣ ጎረቤት ሲጸየፈው፣ ከሆስፒታሉ አጥር ሥር ጎጆ ቀለሰ። ሰፈሩ የተወለደው እንዲህ ነው። ዛሬ ሆስፒታሉ ከሥጋ ደዌ አልፎ ዓይንም ያክማል፣ በአደጋ የተጎዳም ይቀበላል፤ የሁላችንም ሆኗል።

ከዚያው ብዙ ሳይርቅ ቆሼ አለ። የከተማው ቆሻሻ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የተከመረው እዚያ ነው። ቦታውን የመረጠው ዓይን መሬቱን ባዶ አድርጎ ሳያየው አልቀረም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲገድል ግን መሬቱ ባዶ እንዳልነበረ አገር ሁሉ አየ። እንግዲህ ከዚህ አካባቢ የበቀለ ሰው «ባዶ ቦታ» የሚባል ነገር ሲሰማ ጆሮውን ቢያቆም ይፈረድበታል?

ሜዳ ባዶ አይደለም። ጠዋት ኳስ ይመታበታል፤ ቀትር ላይ ሽማግሌ ከዛፉ ሥር ይቀመጥበታል። ሠርግ ቢሆን ለቅሶ ቢሆን ድንኳኑ የሚተከለው እዚያ ነው። ግቢ የሌለው፣ በአንዲት ክፍል ስድስት ሰባት ሆኖ የሚያድር ሰው ሳሎኑ ሜዳው ነው። ዘነበወርቅ አካባቢ ዕድሜያቸውን የኖሩ አንድ አባት «አባባ፣ ሜዳው ለሆስፒታል ቢሰጥ ምን ይላሉ?» ብንላቸው፣ «ልጆቼ፣ ሆስፒታልን እኔ እንዴት እጠላለሁ? እጄን ያተረፈልኝ እሱ ነው። ግን ከዳንሁ በኋላስ የት ልቀመጥ?» አሉን።

ይህ ጥያቄ የሕክምና ተማሪውን ዝም አሰኘው። መዳን ከአልጋ መነሣት ብቻ ነው እንዴ? እ.ኤ.አ. በ1984 ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ አንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሰዎች መዝገብ አነጻጽሮ ውጤቱን አሳትሞ ነበር። ግማሾቹ በመስኮት ዛፍ ያያሉ፣ ግማሾቹ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ ያዩት በአማካይ ቀደም ብለው ወጡ፤ ብርቱ ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። ስለዚህ ዛፉን ቆርጦ አልጋ መዘርጋት በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንሣት ሊሆን ይችላል።

የሕግ ተማሪዋ ደግሞ ሌላ ነገር አነሣች። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ባለይዞታው ካሳ አለው። ሜዳስ? የሜዳው ተጠቃሚ በእጁ ካርታ የለውም። ኳስ ተጫዋቹ፣ ጥላ ፈላጊው፣ ድንኳን ተካዩ በየትኛው መዝገብ ይገኛል? የሁሉ የሆነ ነገር ሲወሰድ ካሳ ጠያቂ የለውም፤ የሚረክሰውም ለዚህ ነው። ቢሆንም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ በሚነካው የአካባቢ ፕሮጀክት ላይ የመመካከርና ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው ይላል። እንግዲያው መጠየቅ መብት እንጂ ችሮታ አይደለም።

«ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አለላችሁ አይደል?» ያለን አለ። አዎን፣ የእኛው ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት፣ ጉለሌንና ኮልፌ ቀራንዮን የሚያዋስን፣ 700 ሄክታር ያህል የሆነ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን በክራንች የሚሄድ አባት ከዘነበወርቅ ተነሥቶ እዚያ ድረስ ለጥላ አይሄድም። በሜልበርን ከተማ የሕፃናት ሆስፒታሉ በሮያል ፓርክ መናፈሻ መሬት ላይ አዲስ ሕንፃ ሲሠራ እንዲሁ ክርክር ነበር፤ ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ2011 ተከፈተ፤ ከአሮጌው ሆስፒታል ቦታ ከፊሉ ወደ መናፈሻነት እንዲመለስ ግን አስቀድሞ ታስቦበት ነበር። ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው፦ ከሜዳ ለወሰደ፣ ሜዳ ይመልስ።

አቋማችን እንግዲህ ይህ ነው። ሆስፒታል መስፋት ካለበት ይስፋ፤ አስቀድሞ ግን በያዘው ግቢ ወደ ላይ ይውጣ። ይህ ካልበቃና ከሜዳው መውሰድ ግድ ከሆነ፣ የወሰደውን ያህል በእግር በሚደረስበት ርቀት ይተካ፤ ተተኪው ሳይዘጋጅም አንድ ዛፍ አይውደቅ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ሰፈርተኛው ይጠየቅ፤ ያውም በሆስፒታሉ ድኖ ጎረቤቱ ሆኖ የቀረው ሰው በመጀመሪያ ይጠየቅ። ሕመምተኛውንና ሜዳውን ጠላት አድርጎ ያቀረበልን ጥያቄው ራሱ ነው እንጂ፣ የዛሬ ሕመምተኛ የነገ ሜዳ ፈላጊ ነው።

ጓደኛችን አሁንም «በመጀመሪያ አልጋው» እንዳለ ነው። እኛም «አልጋውም ጥላውም» እንዳልን ነን። ሐሳብ ያላችሁ፣ በተለይ የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች፣ ወደ ላይ የሚወጣውን ሕንፃ ሣሉልንና ክርክሩ በወረቀት ይቀጥል።