ጌጁ ሳይገጠም ደህና ነበረች

መኪና የሚነዳ ሰው ካወቃችሁ አንድ ነገር ጠይቁልኝ። «የሞተርህ ሙቀት አሁን ስንት ነው?» በሉት። «መሐል ላይ ነው» ይላችኋል። ስንት ዲግሪ እንደሆነ ግን አይነግራችሁም፤ ዳሽቦርዱም አልነገረውማ። በብዙ መኪኖች ላይ ያለው የሙቀት ጠቋሚ በአንድ ጫፍ የቅዝቃዜ፣ በሌላው ጫፍ የሙቀት ምልክት አለው እንጂ ቁጥር የለውም። ቀስቷ ሞተሩ ሞቅ ሲል ወደ መሐል ትመጣለች፤ ከዚያ በኋላ ሙቀቱ 20 እና ከዚያም በላይ ዲግሪ ቢወጣ ቢወርድ ንቅንቅ አትልም። የምትነሳው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

ይህን ያወቅኩት መጽሐፍ አንብቤ አይደለም። አንዲት የስፖርት መኪና ዳሽቦርድ ላይ የጌጅ ቤት ሲሠራ አጠገቡ ቆሜ ስላየሁ ነው። የጌጅ ቤት ማለት ፋብሪካው ያልሰጣችሁን ተጨማሪ መለኪያዎች አቅፎ የሚይዝ፣ ከዳሽቦርዱ ጋር አብሮ የተፈጠረ እንዲመስል ተደርጎ የሚሠራ ማቀፊያ ነው።

አጎቴ ጋራዥ አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሄጄ ሒሳብ እይዝለታለሁ፤ ደረሰኝ እጽፋለሁ፣ ቀብድ እቀበላለሁ። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ቀይ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ይዞ መጣ። ይቺ መኪና ሁለት መቀመጫ ያላት፣ ጣራዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ትንሽ መኪና ናት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርዒት ላይ ነበር። የመጣችው ግን የ1996 ሞዴል፣ 1.8 ሊትር ሞተር ያላት ነበረች። ሰውየው ለሙዚቃ ክሊፕና ለሰርግ አጃቢነት ያከራያታል። የፈለገው ደግሞ ዳሽቦርዷ ላይ ሦስት ክብ ጌጆች ተደርድረው እንዲታዩ ነው፤ አንዱ የዘይት ግፊት፣ አንዱ የውሃ ሙቀት፣ ሦስተኛው የቱርቦ።

«ቱርቦ የላትም እኮ» አለው አጎቴ።

«ይሁን ጋሼ፣ መብራቱ ይብራ እንጂ። ካሜራ ላይ ያምራል።»

አጎቴ ሳቀና ሦስተኛው ቀዳዳ ውስጥ ሰዓት እንዲገባበት ተስማሙ። ቀብድ ተከፈለ። ሥራው ለሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ መድረስ ነበረበት፤ ቅዳሜ ክሊፕ አለ።

እንግዲህ አሠራሩን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ቦታ መምረጥ ነው። ተሳፋሪው ፊት ለፊት የአየር ከረጢት ስላለ እዚያ ላይ ምንም አይለጠፍም፤ ከረጢቱ ሲፈነዳ ጌጁ ድንጋይ ሆኖ ፊት ላይ ይመጣል። ሾፌሩ በመሪው ቀዳዳ በኩል የሚያየው ቦታ ደግሞ ተይዟል። የቀረው የዳሽቦርዱ አናት መሐሉ ነው። እኔ ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ አጎቴ ከካርቶን የተቆረጡ ክቦችን እያዟዟረ «ይህ ይታይሻል? አንገትሽን ሳታዞሪ?» እያለ ይጠይቀኛል። መንገዱን የሚከልል ከሆነ ዝቅ ይላል፣ ፀሐይ የሚያንጸባርቅበት ከሆነ ወደ ሾፌሩ ዘንበል ይላል። ለዚህ ብቻ ግማሽ ቀን ሄደ። «የማይታይ ጌጅ ከሌለ ጌጅ አይሻልም» ይላል አጎቴ።

ከዚያ ዳሽቦርዱ በወረቀት ፕላስተርና በአልሙኒየም ፎይል ተሸፈነ፤ ሰም ተቀባ። በላዩ ላይ ሁለት ድርብ ፋይበር በሬዚን ተጣለበት። ሲደርቅ ተላቀቀና የዳሽቦርዱን ቅርጽ የያዘ ቅርፊት ተገኘ። ጌጆቹ 52 ሚሊ ሜትር ስፋት አላቸው። ቀለበት የሆናቸው የ63 ሚሊ ሜትር የውሃ ፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ በሴጌቶ ተቆራርጦ፣ የቀረው ክፍተት በጎማ ካላማዳሪያ ተሞላ። ቀለበቶቹ በትናንሽ እንጨቶች ተደግፈው በተመረጠው ማዕዘን ተጣበቁ። ከዚያ አንድ አሮጌ ካናቴራ በላያቸው ላይ ተወጥሮ ሬዚን ጠጣ። ጨርቁ ሲወጠር ከቀለበት ወደ ቀለበት የሚሄደውን ቅርጽ ራሱ ይሠራዋል፤ ያንን ጠመዝማዛ በእጅ መቅረጽ ከባድ ነው።

ሬዚኑ ውስጥ የሚገባው ማጠንከሪያ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ብቻ ነው። ሲበዛ ይግላል፣ ይሰነጠቃል፣ ጭስም ያወጣል። ሲያንስ ደግሞ፣ በተለይ በአዲስ አበባ ጠዋት ብርድ፣ እስከ ማታ ይጣበቃል። ሽታው ራስ ያዞራል፤ በር ተከፍቶ፣ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ቀጥሎ ስቱኮ፣ ቀጥሎ የብርጭቆ ወረቀት፤ 80 ቁጥር፣ 180 ቁጥር፣ 320 ቁጥር። የጋራዡ ልጆች ሁለት ቀን ሙሉ አቧራ ለብሰው ዋሉ። በመጨረሻም ማት ጥቁር ተቀባ፤ የሚያብረቀርቅ ቢሆን መስታወቱ ላይ ይታያል።

ይህ ሁሉ የውጭው ነው። የውስጡ ሥራ ሌላ ነው።

የዘይት ግፊቱን ሴንሰር ለመግጠም አጎቴ ፋብሪካው የገጠመውን ፈታና አሳየኝ። ይህች መኪና መጀመሪያ ስትወጣ የዘይት ግፊት ጠቋሚዋ እውነተኛ ነበር፤ ግፊቱ ሲወጣ ይወጣል፣ ሲወርድ ይወርዳል። ከ1995 ሞዴል ወዲህ ግን በማብሪያ ማጥፊያ ተተካ። ጥቂት ግፊት ካለ ቀስቷ መሐል ላይ ትቆማለች፤ ከሌለ ትወድቃለች። በቃ። ከላይ ሲታይ ጌጅ ነው፣ በሥራው ግን አምፖል ነው።

«ለምን እንዲህ አደረጉ?» አልኩት።

«ጤነኛ ሞተር ሚኒሞ ላይ ሲሆን ግፊቱ ይወርዳል፤ የዘይት ባሕርይ ነው። የማያውቅ ሰው ቀስቷ ስትወርድ ሲያይ ይደነግጣል፤ ተበላሸብኝ ብሎ ይመጣል።»

አዲሱ ሴንሰር ጥርሱ የአሜሪካ ልክ ነበር፤ በአንድ ኢንች 27 ጥርስ። የሞተሩ ደግሞ 28 ነው። በዓይን አይለዩም፤ ሁለት ሦስት ዙር ይገባና ይነክሳል፣ ከዚያ ዘይት ያንጠባጥባል። አጎቴ በጣቱ ዳስሶ ለይቶት ማገናኛ አስቀረጸለት። የውሃ ሙቀቱን ሴንሰር ደግሞ ከመግጠሙ በፊት የሻይ ጀበና ውስጥ ከተተው። ውሃው ተንተከተከ፣ ጌጁ 92 አሳየ። ተለማማጁ ልጅ «ጋሼ፣ ስምንት ዲግሪ ይዋሻል» አለ። አልዋሸም። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ከባሕር ወለል ጋር እኩል በሆነ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ውሃ 92 አካባቢ ይፈላል። ራዲያተር ውስጥ ቶሎ የማይፈላው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ነው። ክዳኑ 0.9 ባር የሚይዝ ከሆነ፣ ተራ ውሃ እንኳ እዚህ እስከ 115 አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል።

ሐሙስ ከሰዓት ሁሉም ተገጥሞ ለሙከራ ወጣን። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ። ሜዳው ላይ አዲሱ ጌጅ 89፣ 90 ይላል። ዳገቱ ሲጀምር 96 ሆነ። ከዚያ 101። ከዚያ 106። የፋብሪካው ቀስት? መሐል። ምንም አልተነቃነቀችም። አጎቴ ምንም ሳይናገር የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፈተው፤ ከሞተሩ ሙቀት የሚቀንስ ዘዴ ነው። ዳር ይዞ ቆመ። ፊታችን በሙቅ አየር እየተለበለበ ቁጥሩ ቀስ እያለ ሲወርድ አየን። ክዳኑን አልነካውም፤ በዚያ ሙቀት የከፈተ ሰው ይቃጠላል።

ጋራዥ ተመልሰን ራዲያተሩን በእጁ ዳሰሰው። ላይኛው ክፍል ትኩስ፣ ታችኛው ቀዝቃዛ። ማለትም ውሃው አያልፍም፤ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ብቻ ሲጨመርበት በዝገትና በኖራ ተደፍኗል። እንደዚህ ሆና ቅዳሜ ቀን በፀሐይ፣ ከካሜራ ኋላ በሰው እርምጃ ስትነዳ ብትውል ቴስታታዋ ይጣመም ነበር።

ዓርብ ባለቤቱ መጣ። የጌጁን ቤት አይቶ ደስ አለው፤ ፎቶ አነሳ። ከዚያ አጎቴ ስለ ራዲያተሩ ነገረው። ፊቱ ተለወጠ።

«ጋሼ፣ ጌጁ ሳይገጠም እኮ ደህና ነበረች።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ደብተሬ ላይ ጽፌያታለሁ። ሰውየው ሞኝ አይደለም። እሱ የሚያውቀው ለሁለት ዓመት መሐል ላይ የቆመች ቀስት ናት። አሁን ቁጥር መጣ፤ ከቁጥሩ ጋር ወጪ መጣ። በዓይኑ ሲታይ ችግሩን ይዞ የመጣው ጌጁ ነው፤ ጌጁን ያመጣው ደግሞ አጎቴ። አዲስ ራዲያተር ከውጭ መታዘዝ አለበት፤ ክሊፑ ነገ ነው፤ ቀብድ ተቀብሏል። ስለዚህ መፍትሔ አቀረበ፤ የሙቀቱ ሽቦ ለነገ ብቻ ይነቀል፣ መብራቱ ይብራ።

ቀሪው ክፍያ ገና አልተሰጠም ነበር። ሒሳቡን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ የዚያን ሳምንት የጋራዡ ኪስ ምን ያህል ባዶ እንደነበር አውቃለሁ። ሁለት ልጆች ደሞዝ እየጠበቁ ነው።

አጎቴ ትንሽ ዝም አለና «ከፈለግክ ጌጁን ላውጣልህ፤ ቀዳዳውን እደፍነዋለሁ» አለው። «ሽቦውን ቆርጬ መብራቱን ግን አልተውልህም። ቀዳዳ ያየ ሰው ጌጅ እንደሌለ ያውቃል።»

ቀጥሎ ያደረገው ነገር ነው እኔን በጣም የገረመኝ። ክርክሩን አልቀጠለም። ጌጆቹን ከቀለበታቸው አላልቶ አዞራቸው፤ ሁለቱም ጤነኛ ልክ ላይ ሲሆኑ ቀስቶቻቸው ቀጥ ብለው ወደ ላይ እንዲያዩ አደረገ። የእሽቅድምድም መኪና ሠሪዎች የሚጠቀሙበት የቆየ ዘዴ ነው። ሾፌሩ ቁጥር ማንበብ አያስፈልገውም፤ በጨረፍታ ቀጥ ያለውንና ያጋደለውን መለየት ብቻ ነው። «ቀጥ ካለች ንዳ» አለው። «ወደ ቀኝ ካጋደለች ማሞቂያውን ክፈት፣ ጥላ ፈልግና ቁም። ክዳኑን እንዳትነካ። የዘይቷ ሚኒሞ ላይ ብትወርድ አትደንግጥ፤ ጋዝ ስትሰጥ ትመለሳለች። በየሺህ ዙሩ 10 ፒኤስአይ ካገኘህ ይበቃሃል።» ሰውየው ሁለት ጊዜ አስደግሞ ሰማ። እያጉረመረመ ይዟት ሄደ።

ቅዳሜ ወደ ስድስት ሰዓት ተኩል ስልክ ተደወለ። «ጋሼ፣ አጋድላለች፤ ቆሜያለሁ፤ ማሞቂያው ተከፍቷል፤ አሁንስ?» አጎቴ «ጠብቅ» አለው። ጠበቀ። ክሊፑ በሦስት እረፍት ተቀረጸ። ቀሪው ብር ሰኞ ተከፈለ፤ ራዲያተሩም ከሁለት ወር በኋላ መጥቶ ተቀየረ። ሰውየው ግን ዛሬም ለጓደኞቹ ሲያወራ «ጌጁ በጣም ይፈራል» ነው የሚለው። አመሰግናለሁ አላለም፤ ደግነቱ አጎቴም አልጠበቀም።

እኛ ክፍል ውስጥ «እውነቱን ዘግቡ» ይባላል፤ ትክክል ነው። ጋራዡ ውስጥ ግን ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ሥራ አየሁ። ፋብሪካው ቀስቷን ያደነዘዛት በክፋት አይመስለኝም፤ ሰው ትርጉሙን በማያውቀው ቁጥር ሲደናገጥ አይቶ ነው። ግን ለሚደናገጥ ሰው መፍትሔው ቀስቷን ማሰር አልነበረም። ልኩ የቱ እንደሆነ፣ ሲያልፍ ምን እንደሚደረግ አብሮ መንገር ነበር። 106 የሚለው ቁጥር ብቻውን ለዚያ ሰው ስድብ ነው የሆነበት። «ካጋደለች ቁም» ሲባል ግን፣ እየጠላውም ቢሆን፣ ተጠቀመበት። እኔም አሁን ዜና ስጽፍ ስለ አንድ ቁጥር ከጻፍኩ በኋላ «ደህናው ስንት ነው? አንባቢው ምን ያድርግበት?» ብዬ እጠይቃለሁ። ይህን ካልመለስኩ አንባቢዬ በእኔ ቢቆጣ አይገርመኝም።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ የሚኒባስ ሾፌር መጣ። የማዝዳዋን ፎቶ ስልኩ ላይ ይዟል። ሦስት አልፈለገም፣ መብራትም አልፈለገም። «የውሃዋን ብቻ፤ ቁጥር ያለው» አለ። ቀብዱን ተቀብዬ ደረሰኙ ላይ ጻፍኩለት፤ የጌጅ ቤት፣ ባለ አንድ ቀዳዳ።