አንቀጽ 2077 እና የአክስቴ እግር

ሐምሌ 9፣ 2016፣ ሐዋሳ

አክስቴ ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ ሕንፃ ስትወጣ ደረጃው ላይ ተንሸራታ ወደቀች። ቀኝ እግሯ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ተሰብሯል። ደረጃው ዝናብ ያራሰው ለስላሳ ሴራሚክ ነው፤ መደገፊያ ብረት እንኳ የለውም። በሐዋሳ ክረምት የውጭ ደረጃ ላይ እንዲህ ያለ ሴራሚክ የሚያስለጥፍ ሰው ምን እያሰበ እንደሆነ አይገባኝም። ጎረቤቱ ሁሉ “ወጌሻ ጋ ውሰዷት” ቢልም ልጇ እምቢ ብላ ሆስፒታል ወሰደቻት። ራጅ ተነሣች፣ ጄሶ ታሰረላት።

ሐምሌ 15

ከልጇ ጋር ጠበቃ ጋ ሄድን። መጀመሪያ የጠየቀን ስለ ሕክምናው ወረቀት ነው። ካርዱ የወደቀችበትን ዕለት መያዙን ሲያይ ፊቱ ፈታ አለ። “ወጌሻ ጋ ከርመው የሚመጡ አሉ። ስብራቱ መቼ እንደደረሰ ማን ይመስክርላቸው?”

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ያልታሰበ ነገር ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ነው ይላል። ልጇ ደስ ሲላት ጠበቃው ቀዝቀዝ አደረጋት። ባለሕንፃው “ደረጃው መቼ ወደቀባት? እሷ ናት የወደቀችው” ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ጠበቃው ጥፋትን መሠረት ያደረገውን 2028ንም አብሮ ይጠቅሳል። እሷም አልተጠነቀቀችም ከተባለ በ2098 መሠረት ካሳው ይቀነሳል። ክስ ለማቅረብ ሁለት ዓመት አለን፤ ደረጃው ላይ ግን ነገ ሌላ ነገር ሊነጠፍበት ስለሚችል ዛሬውኑ ፎቶ አንሡ አለን። አነሣን።

ክፍያው ጥቂት ቅድሚያ፣ ቀሪው ከሚፈረደው ላይ በመቶኛ ነው። በጽሑፍ ይሁን አልኩ፤ ሳንጠይቀው ፈቃዱንም አሳየን። አቅም ለሌለው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ዳኝነት መክፈል የማይችልም በደሃ ደንብ እንዲከስ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል።

ሐምሌ 22

ከሁሉ የከበደን ገቢዋን ማስረዳት ነው። አክስቴ እንጀራ ጋግራ ለሁለት ምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ንግድ ፈቃድ የላት፣ ደረሰኝ የላት። ምግብ ቤቶቹ ግን የየቀኑን የሚጽፉበት ደብተር አላቸው። አንደኛው ገጾቹን ፎቶ እንድናነሣ ፈቀደልን፤ ሁለተኛው፣ ግብር ፈርቶ ይመስለኛል፣ “ደብተር የሚባል የለንም” አለ። የጉዳቱ ልክ በትክክል ካልታወቀ ዳኛው በርትዕ መወሰን እንደሚችል (2102) ጠበቃው ነግሮናል። የሞራል ካሳው ግን በ1952 በወጣው ሕግ የ1,000 ብር ጣሪያ አለበት። ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ “ለሕመምሽ” ብሎ እሱን መቁጠር ስድብ ነው የሚመስለኝ።

ነሐሴ 3

የባለሕንፃው ሽማግሌዎች መጡ። ቡና ጠጡ፣ “ከላይ የመጣ ነው” አሉ፣ ከዚያ ፖስታና የሚፈረም ወረቀት አወጡ። ወረቀቱ ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም ይላል። የተፈረመ ዕርቅ በሕጉ እንደ መጨረሻ ፍርድ እንደሚቆጠር ጠበቃው አስቀድሞ ስላስጠነቀቀን ልጇ እርሳሷን እንኳ ከጠረጴዛው ላይ አነሣች። አክስቴ ራሷ ዕርቅ አትጠላም፤ የሰፈሩን ባልና ሚስት ስታስታርቅ የኖረች ናት።

“አባቶቼ፣ ጄሶው ሳይፈታ፣ የሐኪሞች ቦርዱ ጉዳቱ ስንት ከመቶ እንደሆነ ሳይጽፍ፣ በስንት ልታረቅ?” አለቻቸው።

እርስ በርስ ተያዩ። ትልቁ ሽማግሌ “እውነቷን ነው” አለ። ቦርዱ ከጻፈ በኋላ ሊመለሱ ተስማምተው፣ ፖስታውን ይዘው ሄዱ።