ኮልካታ ልጇን የምትቀበልበት ሰሞን

በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት ወደ ሕንዷ ኮልካታ ጎራ ካሉ ከተማዋ ሌሊቱን ሙሉ ስትርመሰመስ ያገኟታል። ወቅቱ የዱርጋ ፑጃ በዓል ነው። ባለ አሥር እጇ ዱርጋ በጎሽ መልክ የመጣውን ክፉ ድል የነሳች ጀግና ናት። ለቤንጋሎች ግን በዚህ ሰሞን አራት ልጆቿን አስከትላ ወላጆቿን ልትጠይቅ የመጣች ልጅም ናት። ስለዚህም በሩቅ ያለ ዘመድ ይሰበሰባል፣ አዲስ ልብስ ይገዛል፣ ጣፋጭ ይታደላል።

ዝግጅቱ ከወራት በፊት የሚጀመረው በሸክላ ሠሪዎቹ ሰፈር በኩማርቱሊ ነው። ቀርከሃ አቁመው ጭድ ያስሩበታል፤ ከዚያም ከሁግሊ ወንዝ በመጣ ጭቃ ይመርጉታል። ያለቀው ምስል በየሰፈሩ ድንኳን ይቀመጣል፤ ሕዝቡም ከበሮ እየሰማ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር ያድራል። ዩኔስኮም በዓሉን በ2021 (እ.ኤ.አ.) የእኛ መስቀልና ጥምቀት በሰፈሩበት የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

በመጨረሻው ቀን ያገቡ ሴቶች ምስሏን ጣፋጭ ያጎርሳሉ፤ ቀይ ዱቄት ቀብተዋትም እርስ በርስ ይቀባባሉ። ቀዩ የትዳር ምልክት ነውና ባሏ የሞተባት በልማድ ዳር ቆማ ትመለከታለች። በቅርብ ዓመታት ግን አንዳንድ ሰፈሮች እነዚህንም ሴቶች መጋበዝ ጀምረዋል። ልጅ ወደ ቤቷ በምትገባበት በዓል ሌላዋ ልጅ ደጅ መቅረቷ አልዋጥላቸው ብሎ ይሆናል።

ከዚያ ምስሏ ሁግሊ ውስጥ ትገባለች፤ ጭቃውም ወደ መጣበት ይመለሳል። እኛ «የከርሞ ሰው ይበለን» እንደምንለው፣ ሸኚዎቹም ለሚቀጥለው ዓመት ተቀጣጥረው ይለያያሉ።