ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ፦ እናት የታጣችበት አልበም

በጥር ወር አዳማ የገባን መንገደኛ አስቀድሞ የሚቀበለው የመኪና ጡሩምባ ነው። የሙሽራ መኪኖች በአበባና በሪባን ተሸልመው አውራ ጎዳናውን ሲሞሉት ባጃጆች ጥግ ጥጉን ይዘው ያሳልፏቸዋል፤ ከሁሉም ፊት በምትሄደው መኪና ላይ ደግሞ ቀራጩ በጣሪያዋ መስኮት ወገቡን አውጥቶ፣ ካሜራውን ወደ ኋላ አዙሮ ይታያል። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደዚችው ከተማ የመጣሁት ለሥራ ሳይሆን የአክስቴን ልጅ ለመዳር ነበር። ድግሱ ያማረ፣ ሙሽራዋም የደመቀች ነበረች። ከሦስት ወር በኋላ አልበሙ ተሠርቶ ሲመጣ ግን አክስቴ ገጹን አንድ በአንድ ገልጣ ስታበቃ መነጽሯን አወለቀችና "እኔ የት ነበርኩ?" አለች።

እውነትም አልነበረችም። ሚዜዎቹ አሉ፣ ኬኩ አለ፣ የሙሽራው የመሥሪያ ቤት አለቃ ሳይቀሩ በሦስት ገጽ ላይ አሉ። ስንት ወር ሙሉ በርበሬ ስታስቀነጥስ፣ ጌሾ ስታስወቅጥ ከርማ በዕለቱም ከጓዳው ድንኳን ያልወጣችው እናት ግን፣ በአንድ ፎቶግራፍ ጠርዝ ላይ የወጥ ጭልፋ የያዘ እጇ ብቻ ይታያል። እጁ የእርሷ መሆኑን ያወቅነውም በቀለበቷ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ያነሳሁት የቤቴን ጉዳይ በጋዜጣ ለማውጣት ብዬ አይደለም። ሰሞኑን በአዳማና በስምጥ ሸለቆው መንገድ ባሉት ከተሞች ተዘዋውሬ ያነጋገርኳቸው ፎቶግራፍ አንሺዎች፣ ከሠርግ ሥራ ቀስ በቀስ እየወጡ ወደ ቤተሰብ ፎቶግራፍ ማዘንበላቸውን ሲነግሩኝ መጀመሪያ የታየኝ ያ እጅ ስለሆነ ነው።

አዳማ የባቡር ልጅ ናት። ከጂቡቲ የተነሳው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ በመሥመሩ ላይ ያሉት ጣቢያዎች እየሰፉ ከተማ ሆኑ። በ1946 ዓ.ም. ደግሞ በሆላንዶቹ የኤች ቪ ኤ ኩባንያ የተቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከሌላም አካባቢ የመጣ ደመወዝተኛ በአቅራቢያዋ ሰፈረ። ደመወዝተኛ ባለበት ፎቶ ቤት አይጠፋም። ዛሬ ናዝሬት የሚለውን የቀድሞ ስም ያልተዉ አንድ አዛውንት ባለፎቶ ቤት እንዳጫወቱኝ፣ በልጅነታቸው ረዳት ሆነው ሲገቡ ዋናው ገበያ ሠርግ አልነበረም። በእንቁጣጣሽና በመስቀል ማግስት አባወራው ኮቱን፣ ባለቤቱ የሀበሻ ቀሚሷን፣ ልጆቹ አዲሱን ጫማቸውን አድርገው እየመጡ ተራ ይጠብቁ ነበር። የተሳለ መጋረጃ ከኋላቸው ይዘረጋል፤ የፕላስቲክ አበባ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ይቀርባል፤ ስልክ የሌለው ሰው ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ ይነሳል። ከዚያም ከፎቶግራፉ ጀርባ "ለማይረሳ መታሰቢያ" ተብሎ ይጻፍና ወደ አገር ቤት ይላካል።

"እኛ ዛሬ አዲስ ነገር አላመጣንም ልጄ" አሉኝ አዛውንቱ። "ወደ ድሮው መመለሳችን ነው።"

ልክ ናቸው። እንዲያውም ፎቶግራፍ አንሺነት ራሱ በሀገራችን የቤተሰብ ሥራ ሆኖ ነው የቆየው። የአፄ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ሙያውን ለልጆቹ ለሃይካዝና ለቶርኮም እንዳወረሰ ይታወቃል። ሠርግ ገበያውን የጠቀለለው የቀለም ፊልምና የቪዲዮ ካሜራ ከተስፋፉ ወዲህ ነው። የፊልሙ ጥቅል 36 ፎቶግራፍ ብቻ በሚያነሳበት ዘመን አንሺው ማንን እንደሚያነሳ አስቦ ነበር የሚጫነው፤ ዛሬ በአንድ ሠርግ ሁለትና ሦስት ሺህ ተነሥቶ እናት ትረሳለች።

ከባቡር ጣቢያው ሰፈር ብዙም ሳይርቅ ፎቶ ቤት ያላት የሁለት ልጆች እናት ስሟ በጋዜጣ እንዲወጣ አልፈለገችም። እኔም ቃሌን ሰጥቻታለሁ። ሙያውን የተማረችው በአንድ ፎቶ ቤት ጨለማ ክፍል ፊልም በማጠብና ኔጋቲቭ በእርሳስ በማስተካከል ሲሆን፣ ካሜራ ይዛ ሠርግ መውጣት ስትጀምር በከተማዋ ይህን የሚሠሩት ሴቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

"ቤተሰብ ሁሉ ይወደኝ ነበር" ትላለች። "ሙሽራዋ ስትለብስ ወንድ አንሺ ደጅ ይቆማል፤ እኔ እገባለሁ። ነገር ግን ሥራው የሚጀምረው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከፀጉር ቤት ነው፤ የሚያልቀው እኩለ ሌሊት ነው። በማግሥቱ መልስ አለ፤ ቀጥሎ ቅልቅል አለ። ልጆቼን ጎረቤት አሳድጋቸዋለች ብል ማጋነን አይሆንም። ከዚያ ደግሞ ቀሪ ሂሳብ አለ፤ ሙሽሮቹ ዕዳ ውስጥ ገብተው ስለሚወጡ የመጨረሻ ተከፋይ እኔ ነኝ። ልጅ ከተወለደ በኋላ አልበም ለመውሰድ የመጡም አሉ!"

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በሀገራችን መገኘቱ ተነገረ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ከፋሲካ በኋላ የተቀጠሩት ሠርጎች በሙሉ ተሰረዙ፤ ቅድሚያ ክፍያውም ተመላሽ ተጠየቀ። የቤት ኪራዩ ግን አልቆመም። በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሳለች አንድ ቀን ጎረቤቷ ባሏንና ሁለት ልጆቿን ይዛ መጣችና "ሥራ ፈተሽ ከምትውዪ እኛን አንሺን" አለቻት። ፎቶግራፍ አንሺዋ ይህን ስትናገር ዛሬም ትስቃለች፦ "አዋጁ አራት ሰው ነው የሚለው። እኔም ቆጠርኳቸው። አራት ናቸው።"

ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ሠርጉ ተመልሷል። እርሷ ግን በሙሉ ልቧ አልተመለሰችም። ሌሎችም ምክንያቶች ነበሯት። የአዲስ አበባና የአዳማ ፈጣን መንገድ ከተከፈተ ወዲህ የአዲስ አበባ ቀራጮች ካሜራቸውን፣ መብራታቸውንና በሰማይ የሚበረውን ድሮን ጭነው በአንድ ሰዓት ጉዞ ከተፍ ይላሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ናረ፤ እነርሱን ለመወዳደር የሚያስፈልገውን ካሜራና ሌንስ መግዛት ለትንሽ ፎቶ ቤት የማይታሰብ ሆነ። የዕለት ጉርስ የነበረው ጉርድ ፎቶግራፍም እየቀነሰ ነው። ለፋይዳ መታወቂያ የሚመዘገብ ሰው ፊቱን እዚያው በምዝገባው መሣሪያ ይነሳል እንጂ ሦስት በአራት ይዘህ ና አይባልም። እንግዲህ የቀረው ቤተሰብ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሥራዋን ቁጭ ብዬ ተመለከትኩ። ከገጠር የመጡ አንዲት አሮጊት ከአራት ልጆቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ገቡ፤ ሕፃናቱ "አኮ! አኮ!" እያሉ ቀሚሳቸውን ይጎትታሉ። ልጆቹ እንደ ልማድ ለአባወራው መካከለኛውን ወንበር ሲያቀርቡ ፎቶግራፍ አንሺዋ በትሕትና "አዴ፣ እርስዎ እዚህ ይቀመጡልኝ" ብላ አሮጊቷን መሀል አደረገቻቸው። እርሳቸው ደግሞ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡት። ያን ጊዜ ካሜራውን አስቀምጣ ወሬ ጀመረች፤ ስለ ጤፉ፣ ስለ ዝናቡ። ሩብ ሰዓት ያህል አንድም አላነሳችም። አሮጊቷ ስለ አንድ በሬ ሲያወሩ ነጠላው ተንሸራተተ፤ በዚያችው ቅጽበት አነሳቻቸው።

የነጭ ልብስን ነገር ያስረዳችኝ ለአንባብያንም የሚጠቅም ነው። ነጠላና የሀበሻ ቀሚስ ብርሃን ይመልሳሉ፤ ካሜራው ያን ሁሉ ንጣት ሲያይ ብርሃኑ የበዛ መስሎት ሥዕሉን ያጨልመዋል፤ በዚህም የሰውየው ፊት ይጠቁራል። ስለዚህ ብርሃኑን ለፊቱ እንጂ ለልብሱ አይለኩም። በስልክ የሚያነሳም ሰው ጣቱን በሰውየው ፊት ላይ ቢነካ ስልኩ ይህንኑ ያደርግለታል። እንደ አዳማና እንደ ባቱ ባለ ፀሐያማ ቦታ በቀትር ደጅ መነሳት ደግሞ ዓይን ሥር ጥላ ይጥላልና ጠዋት ወይም ወደ ማምሻው ቢሆን ይመረጣል። ብዙ ሰው በስልክ ሲነሳ ደግሞ ዳር የቆመው ሰው ፊቱ ይለጠጣል፤ ወፍራም እመቤቶች ዳር አይቁሙ ማለቷን በሹክሹክታ ነው የነገረችኝ።

ከአዳማ ወደ ሞጆ ተመልሼ በመቂ በኩል ወደ ባቱ ወረድኩ። የዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ እሑድ እሑድ ራሱን የቻለ ፎቶ ቤት ነው። አባ ኮዳዎቹ የዓሣ ፍርፋሪ እየጠበቁ እንደ ሽማግሌ ተደርድረው ይቆማሉ፤ ሕፃናት በአጠገባቸው መነሳት ይፈልጋሉ፤ እናቶች ይፈራሉ። በከተማዋ ያለው ሰፊ የአበባ እርሻ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች አሉት፤ አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው። ደመወዝ በሚከፈልበት ሰሞን ሕፃን ልጅ አዝለው ወደ ሐይቁ ከሚመጡት ብዙዎቹ እነርሱ መሆናቸውን አንድ ወጣት አንሺ ነገረኝ። ቀኑን ሙሉ ጽጌረዳ ሲቆርጡ የሚውሉት እነዚህ እናቶች ሲነሱ አበባ መያዝ አይፈልጉም ይላል። እኔም አልፈርድባቸውም።

በልቤ የቀረውን ነገር የሰማሁት ግን ከዚያ አይደለም፤ ከአዳማው አዛውንት ነው። በሙያቸው ከሁሉ የሚከብዳቸውን ስጠይቃቸው መሳቢያቸውን ከፍተው አንድ አሮጌ የቀበሌ መታወቂያ አሳዩኝ። ሰው ሲሞት ቤተሰብ ለለቅሶው የሚቆም ፎቶግራፍ ፍለጋ ይሮጣል። አባት አይቸግርም፤ በማኅበር፣ በሥራ ቦታ፣ በሠርግ ከሽማግሌዎች ጋር ተነሥቷል። እናት ስትሞት ግን ልጅ እያለቀሰ የሚያመጣው የመታወቂያዋን ጉርድ ነው፤ ማኅተሙ ግንባሯ ላይ ያረፈበትን። "ማኅተሙን አጥፋልኝ፣ ትንሽ ፈገግ አድርግልኝ ይሉኛል" አሉ አዛውንቱ። "ማኅተሙን አጠፋለሁ። ፈገግታዋን ከየት አመጣለሁ?"

መኪናዬ አርሲ ነጌሌን አልፎ ሻሸመኔ እስኪደርስ ይህ ቃል አልለቀቀኝም። ሻሸመኔ ላይ ያገኘሁት ወጣት ባለፎቶ ቤት በበኩሉ የቤተሰብ ፎቶግራፍ እንጀራ አይሆንም ባይ ነው። የአንድ ሠርግ ገቢ ለመሙላት ስንት ቤተሰብ መነሳት እንዳለበት በጣቱ ቆጥሮ አሳየኝ፤ ስልክ ያለው ሰው ለምን ይከፍለኛል ሲልም ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። የአዳማዋም እናት ብትሆን ሠርግን ጨርሳ አልተወችም፤ በዓመት ጥቂት ትይዛለች፤ ኪራዩን የሚሸፍነው እርሱ ነው። ደግሞስ በየፎቶ ቤቱ የሚታየው አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሶ፣ በፊኛና በፈረንጆች የገና ዛፍ ፊት መደርደር ምን ይባላል? የድሮው የተሳለ መጋረጃ ይሻለኛል፤ እርሱ ቢያንስ የራሳችን ሠዓሊ የሣለው ነበር።

ወጣቱ ይህን እያለኝ ሳለ ኮምፒዩተሩ ላይ የጀመረውን ሥራ አየሁት። አባትና ሦስት ልጆች ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው አንድ ወንበር ባዶ ነው። እናትየዋ ዐረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። በስልክ የላከችው ፎቶግራፍ ተቆርጦ በባዶው ወንበር ላይ ሊቀመጥ ነው። ትንሹ ልጅ ከመነሳቱ በፊት አንሺው እንደነገረው እጁን በወንበሩ መደገፊያ ላይ ዘርግቶታል፤ የእናቱ ትከሻ የሚሆነው በዚያ በኩል ነዋ። ወጣቱ ጥላዋን ለማስተካከል ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። እንጀራ የማይሆን ሥራ ላይ ይህን ያህል መቆየቱን ስነግረው ሳቅ ብሎ ዝም አለ።

ወደ አዲስ አበባ ከመመለሴ በፊት አዳማ አክስቴ ቤት አደርኩ። ማታ ቡና ላይ ነገሩን ባነሳባት "ምነው፣ ለለቅሶዬ ልታዘጋጂኝ ነው?" አለችኝ። ልጇ ተቆጣች፤ እኔም የምለው ጠፋኝ። ጀበናውን አስቀመጠችና ጥቂት ቆይታ "ሹሩባዬን ሳልሠራ ማንም አያነሳኝም" አለች።

ሹሩባው አንድ ቀን ፈጀ። ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ስድስት ሆነን ሄድን፤ ባለፎቶ ቤቷም እንደ ልማዷ መሀለኛውን ወንበር አቀረበች። አክስቴ ተቀምጣ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ልትሸሽግ ስትል ቀለበቷን ዓየሁና "እጅሽን አውጪው" አልኳት። አወጣችው፤ በጉልበቷም ላይ አኖረችው። ፎቶግራፉ ሐሙስ ይደርሳል ተብለናል።